ከመለዋወጣችን በፊት የተቃጠለው ፊዩዝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆቴል ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ በሚጫወት አነስተኛ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር የምጫወተው እኔ ነኝ። ዕቃዎቹን የመረከብና የማስጠገን ኃላፊነትም በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ለሠርግ ሥራ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ መሐል ሜዳ እንጓዛለን።

የባንዱ አምፕሊፋየር አምስታችን አዋጥተን የገዛነው ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ነው። ይህ ዓይነቱ አምፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበና በትራንዚስተር የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለቱ ባለ 12 ኢንች ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለ 60 ዋት ማጉያ አላቸው። ኮረስ የሚባለው ድምፅ ማወፈሪያው ሲበራ አንደኛው ስፒከር የጊታሩን ድምፅ እንዳለ፣ ሌላው ደግሞ በጥቂቱ እያወዛወዘ ስለሚያወጣው፣ ሁለቱ የሚዋሐዱት በአዳራሹ አየር ላይ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ነገሩ ለዓመታት ሲያናድደኝ ኖሯል፤ ሌሎቹ ዝም ብለው እኔ ብቻዬን ትዝታን በምጀምርበት ጊዜ፣ ከኖታዎቹ መካከል እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተመጋቢው ላያስተውለው ይችላል፤ እኔ ግን ከእሱ ሌላ የምሰማው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከአሜሪካ የተመለሰ የደብረ ሲና ተወላጅ የሆነ ወጣት ጊታሪስት ሊያዳምጠን መጥቶ፣ ሥራ ስንጨርስ ወደ እኔ ቀረበና «ጋሼ፣ እኔ ዘንድ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አለ። እኔ የምፈልገው የእርስዎን ዓይነት ኮረስ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ያለ ምንም ጭማሪ ዕቃ በዕቃ እንለዋወጥ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሙን እንደሰማሁ ልቤ ተነሥቶ ነበር። ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት የሚያወጣ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ያሉትና ኃይሉን ሲክስ ኤል ሲክስ ከሚባሉ አራት የመስታወት ቲዩቦች የሚያገኝ አምፕ ነው። ክብደቱ ከእኛው ጋር እምብዛም ስለማይለያይ ተሸካሚዎቹ የሚያጉረመርሙበት ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ዕቃው የአምስታችን ስለነበር ለአንድ ሳምንት እንሞክረው ተባባልን።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠን ሞከርናቸው። ድራመሩ «120 ትቶ 85 መውሰድ ምን ይባላል?» ብሎ ተከራከረ። ዋት ግን እንደ ጤፍ በኪሎ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ኃይሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨምረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በ120 እና በ85 መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ ለይቶ ማወቁ ያጠራጥራል። እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነበር። ትዊኑ ክሩን በቀስታ ስነካው በቀስታ፣ ጠንከር አድርጌ ስመታው ደግሞ እንደ ሰው ጉሮሮ ትንሽ ሻከር ብሎ ይመልስልኛል። ባቲን ተጫወትኩበት፤ አንቺ ሆዬን ተጫወትኩበት። የሚያናድደኝ ድምፅም በእጅጉ ቀንሷል። በዚያች ሰዓት ውል ቢቀርብልኝ ኖሮ እፈርም ነበር።

ችግሩ ትዊኑ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት፣ ማለትም ለ120 ቮልት መሆኑ ነው። የእኛ መብራት 220 ስለሆነ ልጁ በግማሽ የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብሮ አምጥቶ ነበር። ቀን ላይ ሶኬቱን በቴስተር ስለካው 221 አነበብኩ፤ ግማሹ 110 ነው፣ ያስኬዳል። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ የሆቴሉ ምድጃ ሁሉ ተለኩሶ ደንበኛው በሞላበት ሰዓት እንደገና ስለካው ግን 184 ሆኖ አገኘሁት። ይህ ማለት ትዊኑ የሚደርሰው 92 ቮልት ብቻ ነው። ቲዩብ ደግሞ ለመሥራት ውስጡ ያለው ክር መጋል አለበት፤ መብራቱ ሲደክም ክሩም ይደክማል። ቀን ላይ እንደ ሰው ጉሮሮ ይመልስልኝ የነበረው አምፕ ማታ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፈነ። ትራንዚስተር የሚግል ክር ስለሌለው የእኛው በዚሁ ሰዓት ዓመታት ሙሉ ሲሠራ ይህን ዓይነት ችግር አሳይቶን አያውቅም።

አደጋው የደረሰው በማግስቱ ዓርብ ማታ ነው። ዘፈን መሐል ላይ መብራት ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልማዳችን፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ የሚመጣው ኃይል ዕቃ እንዳይጎዳብን ሁሉንም ነቅለን፣ ከተረጋጋ በኋላ አንድ በአንድ መልሰን መሰካት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ የመድረኩ መብራት ግን ገና አልበራም ነበርና በዳበሳ ስሰካ የትዊኑን ገመድ በትራንስፎርመሩ ፋንታ አጠገቡ ባለው ዲቫይደር ውስጥ ሰካሁት። የአሜሪካ ጠፍጣፋ ሶኬት ግድግዳችን ላይ ባለው ቀዳዳ አይገባም፤ ዲቫይደሮቻችን ግን ክቡንም ጠፍጣፋውንም ሳይመርጡ ይቀበላሉ። ማብሪያውን ስጫን ከፊት ያለችው ቀይ መብራት ከወትሮዋ ይልቅ ነጣ ብላ ቦግ አለች፤ ከሆዱ ውስጥ ከባድ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ወዲያው «ጧ» ብሎ ዝም አለ።

ኪቦርዲስቱ ጎንበስ ብሎ «ፊዩዙ ነው፤ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልለን እናስነሣው» አለኝ። ብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን ያቺ ቀጭን ሽቦ ባትበጠስ ኖሮ ዋናው ትራንስፎርመር ይቃጠል እንደነበር ስለገባኝ እጁን ያዝኩት። ጃዝ ኮረሱን ከጥግ ጎትተን ሥራውን በእሱ ጨረስን፤ እኔ ግን የዚያን ምሽት የተጫወትኩትን አላስታውስም፤ የሰው ዕቃ አበላሽቼ ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ለልጁ ደውዬ ምን እንዳደረግሁ ሳልሸፋፍን ነገርኩትና አብረን አንድ ነባር ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው አምፑን ከፍተው ሲመረምሩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ በቀኛቸው ብቻ ይነካኩ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ተነቅሎም ይገድላል። እዚህ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አድሮ ይገኛል። በሁለት እጅ የነካው እንደሆነ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው» አሉኝ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች አፍስሰው ለኩ፤ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ አዩ። ከፊዩዙ በስተቀር የተጎዳ አልነበረም። አንደኛው ሲክስ ኤል ሲክስ ቢቃጠል ኖሮ አቻውን ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ፣ ካልተገኘም ከውጭ ማስመጣት ነበረብን።

ላለመለዋወጥ የወሰንኩትም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገባው መንገድ ላይ በጭነት መኪና ጀርባ የሚንገላታ የመስታወት ቲዩብ ታየኝ፤ ሸዋ ሮቢት በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከሰው ቤት በተጎተተ ገመድ የሚሠራ ትራንስፎርመር ታየኝ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚከፈለኝ ሥራ የለኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ልጁ ከመሄዱ በፊት ጃዝ ኮረሱ ላይ ያሳየኝ ነገር ነው። ብራይት የሚለውን ማብሪያ አጠፋው፤ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ቀነሰው፤ ኮረሱን ዘጋውና «ጋሼ፣ አሁን ትዝታዎን ይጀምሩ» አለኝ። ያ ድምፅ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የአምፑ ተፈጥሮ ነውና። ነገር ግን ግማሹን የፈጠርኩት እኔው፣ ኮረሱን ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ሳላጠፋ በመጫወቴ እንደነበር ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሁን መግቢያውን ያለ ኮረስ እጀምራለሁ፤ ቤዙና ድራሙ ሲገቡ በእግሬ አበራዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ትዊኑን ሚኒባስ ላይ ስናስጭን «ታዲያ ቁርጡን ይንገሩኝ» አለኝ። የፊዩዙንና የጠጋኙን ዋጋ ከቅዳሜ ድርሻዬ ቆጥሬ ሰጠሁትና «ውስጡ ያለውን ትራንስፎርመር በ220 ካስቀየርከው ደውልልኝ፤ ያን ጊዜ ከማታው 2 ሰዓት ላይ እንሞክረዋለን» አልኩት። እስካሁን አልደወለም።