አሽ ለምን ይሰበስባል?

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ ስልክ ጥገና ቤት ተራ ሲጠብቁ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ፖክሞን ይሟገታሉ፤ አሽ የሚባል ልጅ «ፖክሞን» የተባሉ ፍጡራንን እየያዘ የሚያሰለጥንበት የጃፓን ካርቱን ነው። ትንሹ «አሽ እኮ ሁሉንም መያዝ ነው የሚፈልገው» አለ። ታላቁ «አብሽር፣ ታዲያ ቢራቢሮ የሚመስለውን ፖክሞኑን፣ በተርፍሪን፣ ለምን ለቀቀው?» ሲለው ዝም።

ታላቁ ልክ ነው። «ሁሉንም ያዝ» የገበያ መፈክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው ተከታታይ ፊልም ውስጥ የአሽ ሕልም የፖክሞን ማስተር፣ ማለትም ከሁሉ የላቀ አሰልጣኝ፣ መሆን ነው፤ ብዛት የሚያሳድደው ተቀናቃኙ ጌሪ ነው።

እስቲ የአሽን ፖክሞኖች አመጣጥ እዩ። ቻርማንደር ባለቤቱ ድንጋይ ላይ ጥሎት የሄደ ነው። ዝናብ እየወረደበት፣ የጅራቱ እሳት ከጠፋ እንደሚሞት እያወቀ፣ «ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል። እነ አሽ ደርሰው አተረፉት። ስኩዊርትል የአስቸጋሪ ቡድን አለቃ ነበር። ቡልባሶርን ትንከባከበው የነበረችው ልጅ ናት ውሰደው ያለችው። በተርፍሪን ደግሞ የትዳር አጋሩን ሲያገኝ አሽ እያለቀሰ ሸኘው።

ደግሞም አብረው የሚዞሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሰባተኛው ወደ ፖክሞን ተመራማሪው ፕሮፌሰር ኦክ ይላካል። (30 ታውሮስ፣ በሬ መሰል ፖክሞኖች፣ የያዘው ሳያስበው ነው፤ ሌላ ሊይዝ መያዣ ኳሱን ሲወረውር እነሱ እየገቡበት።)

ልጅ የሚሰበስበውን ስናይ «ስንት ደረሰ?» ማለት ይቀናናል። «ይሄኛው እንዴት መጣ?» ብትሉት ብዙ ያወራችኋል። ፊልሙን አብራችሁ ለማየት ካሰባችሁ ከክፍል 11 ጀምሩ፤ ቻርማንደር እዚያ ነው።