አዲስ አበባ መቼ ብትሄዱ ይሻላል?

ከደብረ ብርሃን ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አቧራውም ገና ሳይነሳ እንጦጦ ላይ ወጥታችሁ ከተማውን ቁልቁል ስታዩት፣ በእኔ እይታ በዓመት ውስጥ እንዲህ የሚያምርበት ሌላ ጊዜ የለም። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ደመራ አለ። በጊዜ ግቡ፣ ዙሪያው ያሉት መንገዶች ይዘጋሉ።

ሐምሌና ነሐሴን ግን እርሷቸው። ዝናቡ ሲለቀው የታክሲ ሰልፉ አያልቅም፣ መርካቶ በጭቃ አያስኬድም፣ ጉዳያችሁን ሳትጨርሱ ይመሻል።

የገናና የፋሲካ ዋዜማም አይመከርም። ከተሜው ሁሉ ወደየዘመዱ ስለሚወጣ መናኸሪያው ይጨናነቃል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነች መንገድ መመለሻ መኪና ማግኘት መከራ ነው፤ በተለይ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ከሆናችሁ እባካችሁ ተዉት።

ጥምቀት ግን ይለያል። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ያጅባል፤ ለዚህ ሲባል ግፊያውም ይቻላል። ሌሊቱን እዚያ ለማደር ካሰባችሁ ጋቢ ያዙ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ይበርዳል፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ ግን አዲስ አይደለም።