በ3,500 ብር ቆሎ ጀመርኩ (ዶሮዎቹን ግን አታንሱብኝ)

ደብረ ብርሃን ላይ ዶሮ ልታረቡ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡና ከዛ እንደፈለጋችሁ። እኔ ዩቲዩብ ላይ "በትንሽ ብር የሚሰራ ቢዝነስ" ምናምን የሚሉ ቪዲዮዎች ሳይ ከርሜ 25 የ45 ቀን ጫጩት ገዛሁ፣ ያውም በህዳር። ቪዲዮውን የሰራው ልጅ ቆላ ነው መሰለኝ ያለው፣ የኛን ውርጭ ከየት ያውቀዋል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ደጅ ያደረ ባልዲ ጠዋት በረዶ ለብሶ ነው የምታገኙት። አምፖል አበራሁላቸው፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረዋል፣ ከስር የነበሩት 11ዱ አልቀዋል። በኋላ ነው የገባኝ፣ ጫጩት ሲበርደው ሙቀት ፍለጋ ይደራረባል፣ ከስር ያለው ታፍኖ ይሞታል። የቀሩትም እየተንጠባጠቡ አለቁ ማለት ይቻላል።

እማዬ አይታ አይታ "አንቺ ልጅ፣ ገብስ አገር ተቀምጠሽ ዶሮ ምን አስፈለገሽ" አለችኝ። ተናደድኩ ግን እውነቷን ነው። ከመንዝ እስከ ጣርማበር ያለው ደጋ ገብስ ነው፣ ቁልቁል 60 ኪሎሜትር ወርዳችሁ ደብረ ሲና ብትደርሱ መኪና ገና ሳይቆም ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል፣ እኔ ደሞ አጠገቡ ተቀምጬ ጫጩት።

ስለዚ በቀረችኝ 3,500 ብር ሰነፍ ገብስ ገዛሁ። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ገለባው ብዙ ሳያደክም ይለቅላችኋል። ለቅማችሁ፣ ውሃ ነካ አርጋችሁ በሙቀጫ ትሸከሽኩታላችሁ፣ በሰፌድ ታነፍሳላችሁ፣ ከዛ ምጣድ ላይ እጅ ሳያርፍ ማመስ ነው። ሱፉን፣ ሽምብራውን፣ ለውዙን ለየብቻ ቁሉ፣ አንድ ላይ ከጨመራችሁት ሱፉ አርሮ ሽምብራው ጥሬ ይሆናል። ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ እንዳትከቱት ደሞ፣ ያልበውና ይለዝባል፣ ደንበኛ አንዴ የለዘዘ ቆሎ ከበላ አይመለስም። ሂሳቡን ስትሰሩ ገለባውን አትርሱ፣ እኔ ጋ 10 ኪሎ ገብስ ተሸክሽኮ ተቆልቶ 8 ኪሎ ሞልቶልኝ አያውቅም፣ የመጀመሪያ ወር ይሄን ሳላስብ በኪሳራ ስሸጥ ነበር፣ ሰው እየተሻማ ሲገዛኝ ደሞ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ።

በሶ የጀመርኩት በልጆቹ ምክንያት ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ያለ በሶ አይላክም። አንዲት እናት 5 ኪሎ አዘዙኝ፣ ቆላሁ፣ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ፣ ከኔ በፊት በርበሬ ተፈጭቶ ነበር፣ አልጠየቅኩም። ልጁ ከዛው ደውሎ "እማ በሶው ያስነጥሰኛል" አላቸው። ሌላ 5 ኪሎ በነፃ ሰራሁ። አሁን ገና ወፍጮው ሳይጀምር ንጋት ላይ በር ላይ የምትቆም ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ።

ግን ከበርበሬውም ከውርጩም የባሰው ዱቤ ነው። አንድ ባለሱቅ 12 ኪሎ ወስዶ "ሲሸጥ እሰጥሻለሁ" አለኝ፣ ቆሎው በሁለት ሳምንት አለቀ፣ ብሩ ግን እስካሁን "ነገ" ነው። ካፒታሌ ግማሹ እሱ ኪስ ነው የቀረው፣ ያን ጊዜ እቁብ ባይደርሰኝ ኖሮ በቃ ምጣዱን እሰቅለው ነበር። አሁን ለአንድ ሱቅ 2 ኪሎ ብቻ ነው የምሰጠው፣ የበፊቱን ሳይከፍል አዲስ የለም፣ የፈለገ ይቀየም። እቁቡንም ጥር ላይ እንዲደርሰኝ እለምናለሁ፣ ምክንያቱም ገብስ አጨዳው እንዳለቀ ነው የሚረክሰው፣ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፣ ደሞ ሁዳዴ 55 ቀን ቆሎ የሚፈለግበት ነው።

ቆሎ የማይሆንላችሁ ካላችሁ የመንዝ በግ አለ። አካሉ ትንሽ ቢሆንም ብርድ አይፈራም፣ ጥር ላይ ገዝቶ ፉርሽካና አተላ እያበሉ ለፋሲካ ማድረስ ነው፣ ጎረቤቴ ሁለት ሁለት እያረገች ትሰራለች። አረቄም ያዋጣል ይላሉ፣ እንጨቱ ግን ትርፉን ይበላዋል፣ ጭሱ ደሞ ዓይን ያጠፋል፣ እኔ አልመክርም።

ከ25ቱ ጫጩቶች የተረፉት ሶስቱ አሁን ዶሮ ሆነው የቆሎውን ስብርባሪ እየለቀሙ እንቁላል ይጥላሉ። እማዬ እንቁላል ስታነሳ "ኢንቨስትመንትሽ ዛሬ ሁለት ወለደ" ትለኛለች።