ሰማያዊውን ሰማይ ብርቱካናማ ለማድረግ ሦስት ሳምንት

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ፎቶ ላይ ተጣብቄ ከረምኩ። ፎቶው ቀላል ነው፤ ሰማይ፣ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ትንሽ ኩሬ። የፈለግኩትም ሲወራ ቀላል ነው፦ የቀኑ ሰማያዊ ሰማይ በ20 ሰከንድ ቪዲዮ ውስጥ ቀስ እያለ የማታ ብርቱካናማ እንዲሆን። ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፣ ቀለሙ ብቻ ይቀየራል። "ይሄማ የአንድ ምሽት ሥራ ነው" ብዬ ነበር የገባሁበት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ፎቶውን ኮፒ አደረግኩ፣ የኮፒውን ሰማይ ብርቱካናማ አድርጌ ከላይ ደረብኩት፣ ከዛ ኦፓሲቲውን (ከሥሩ ያለውን የመሸፈን አቅሙን) በኪፍሬም፣ ማለትም በዚህ ሰከንድ ይሄን ያህል ይሁን በሚል ምልክት፣ ከ0 ወደ 100 ወሰድኩት። መጀመሪያው ያምራል። መጨረሻው ያምራል። 10ኛው ሰከንድ ላይ ግን ሰማዩ አመድ መስሏል። ችግሩ የሞኒተሬ መስሎኝ ብርሃኑን ስነካካ ቆየሁ (አዎ፣ ግማሽ ሰዓት)።

ነገሩ የገባኝ ቁጥሮቹን ሳያቸው ነው። ሰማዩ ላይ አንድ ቦታ መርጬ ቀለሙን ለካሁ፦ ቀይ 90፣ አረንጓዴ 140፣ ሰማያዊ 200። መጨረሻ ላይ ያው ቦታ 240፣ 160፣ 90 ሆኗል። ሶፍትዌሩ መሃል ሲደርስ የሁለቱን አማካይ ነው የሚወስደው፦ 165፣ 150፣ 145። ሦስቱ ቁጥሮች እንዲህ ከተቀራረቡ ደግሞ ያው ግራጫ ነው። ሰማያዊና ብርቱካናማ በቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ሲቀላቀሉ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ? መነሻና መድረሻውን ነገርኩት እንጂ በየት በኩል እንደሚሄድ አልነገርኩትም።

እሺ፣ መደረቡ ይቅርና ሂውን ራሱን ላዙረው አልኩ። ሂው ቀለሙ በ360 ዲግሪው ክብ ላይ ያለበት ቦታ ነው፤ ቀይ 0፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 120፣ ሰማያዊ 240 ላይ ናቸው። የኔ ሰማይ 213 አካባቢ ነው፣ የምፈልገው ብርቱካናማ 28። ቁጥሩን ወደታች ጎተትኩት፣ 185 ዲግሪ ሲወርድ ደረሰ። ፕሌይ ስለው ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ አረፈው! ከ213 ወደ 28 የሚወርድ በ120 ማለፉ አይቀርማ። በሌላው አቅጣጫ 175 ዲግሪ ብጨምር ግን እዛው ብርቱካናማ ላይ ነው የምደርሰው፣ መንገዱ ብቻ በሐምራዊና በሮዝ በኩል ይሆናል። እንደዛ አደረግኩ። ተሻለ፣ ግን ሐምራዊው ከመድመቁ የተነሳ የማስታወቂያ መብራት እንጂ ሰማይ አይመስልም።

ስለዚህ መሃሉን በእጄ ሠራሁት። ፈዘዝ ያለ ሮዝ የሆነ ሦስተኛ ኮፒ፣ 225፣ 150፣ 170፣ ልክ 10ኛው ሰከንድ ላይ። በፊት ስንት ሰዓት የፈጀሁት የመጨረሻውን ብርቱካናማ በማሳመር ነበር፤ ተመልካቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው መሃሉን ነው። አሁን ከሰማያዊው ወደ ሮዙ ሲሄድ ደብዘዝ ባለ ወይን ጠጅ ያልፋል፣ ከሮዙ ወደ ብርቱካናማው ያለውማ በራሱ ያምራል።

ከዛ ደግሞ አዲስ ጣጣ። ሁሉም ኪፍሬሞች ላይ ኢዝ (ለውጡ ቀስ ብሎ እንዲነሳና ቀስ ብሎ እንዲቆም) አድርጌ ነበር፣ ማለስለስ ጥሩ ነው ሲሉ ስለሰማሁ። ውጤቱ፦ ሰማዩ ሮዙ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ከዛ እንደገና ይነሳል። መሃል መንገድ ላይ የሚቆም ጀምበር አይቼ አላውቅም። አሁን ኢዝ ያለው መነሻው ላይና መድረሻው ላይ ብቻ ነው፣ መሃሉን ሊኒየር (ፍጥነቱ የማይቀየር) አድርጌ ተውኩት።

ትልቁ ራስ ምታት ግን መስመሮቹ ነበሩ። ኤክስፖርት አድርጌ በሙሉ ስክሪን ሳየው ሰማዩ ላይ ከፍታ እንደሚያሳይ ካርታ ቅርጽ ያላቸው ሰፋፊ መስመሮች አሉ፣ ያውም የሚንፏቀቁ። እንደገና ወደ ቁጥር። 8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። የኔ አረንጓዴ በመጀመሪያው 10 ሰከንድ ከ140 ወደ 150 ነው የሚሄደው፣ አሥር እርምጃ። በሰከንድ 24 ፍሬም ስለምሠራ 10 ሰከንድ 240 ፍሬም ነው፣ ስለዚህ አንዱ እርምጃ 24 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው! ለውጡ በቀሰሰ ቁጥር ደረጃው ይበልጥ ይታያል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው ቀስ ያለ ለውጥ ነው። ፕሮጀክቱን እጅግ ብዙ ደረጃ ወዳለው 32 ቢት ቀየርኩ፣ ግን የሚወጣው ፋይል 8 ቢት ከሆነ ያው ነው። ያዳነኝ ግሬን ነው፣ እንደ ድሮ ፊልም ያለ ደቃቅ ነጠብጣብ። በጣም ትንሽ ግሬን ከሁሉም ንብርብር በላይ ሳደርግ መስመሮቹ ተበታትነው ጠፉ። ግሬኑ በየፍሬሙ የሚቀያየር ይሁን፣ የቆመ ከሆነ አቧራ የነካው መስታወት ይመስላል። ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን የዳታ መጠን) ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ፋይሉን የሚያሳንሰው ኮምፕሬሽን ግሬኑን ይበላውና መስመሮቹ ይመለሳሉ። 10 ቢት ኤክስፖርትም ሞክሬያለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ማጫወቻ ግን አይከፍተውም።

በመሃል ዛፉንም ነካሁት፣ ቅጠሉ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ እንዲሄድ። እዚህ ጋ ሂው ወዳጄ ሆነ፤ ከ120 ወደ 0 ሲወርድ በራሱ ጊዜ በቢጫ ያልፋል፣ ልክ እንደ እውነተኛ ቅጠል። ግን ቅጠሉን በቀለም ነበር የመረጥኩት፣ ምርጫውን ደግሞ ከሂው ለውጡ በኋላ ነው ያስቀመጥኩት። 6ኛው ሰከንድ ላይ ዛፉ ብል የበላው ልብስ መሰለ፣ ምክንያቱም ምርጫው አረንጓዴ እየፈለገ ነው፣ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ መሆኑን ትቷል። ምርጫው ካልተነካው ፎቶ እንዲወስድ አድርጌ አስተካከልኩት። የቅጠሉ ጠርዝ አሁንም ትንሽ ይቆራረጣል፤ ፎቶዬ ጄፔግ ነው፣ ጄፔግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ነው የሚያስቀምጠው። ጠርዙን ትንሽ ብለር አድርጌ ሸፋፍኜዋለሁ።

ትናንት ማታ አለቀ ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። ሰማዩን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ከዛ ስክሪኑን በጣቱ ነካ አድርጎ "ኩሬው ለምን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ?" አለኝ።