ጊታሬ ንብ የሆነበት ቅዳሜ

አምፔን፣ ማለትም የጊታሬን ድምፅ ማጉያ፣ የሸጥኩት ደረጃ መውጣት ሰልችቶኝ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ነበረች። ድምፅዋ ማር፣ ክብደቷ ሲሚንቶ። ሚኒባስ ላይ የሁለት ሰው ሂሳብ ታስከፍለኛለች። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍቱ የማይሠራ ከሆነማ፣ ገና ገመድ ሳልሰካ ክንዴ ይዝላል። ሰርግ ላይ ደግሞ አምፕ ተሸክሜ ብመጣም ደስ የሚለው ሰው የለም። "ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካው" ነው የምባለው። ሚክሰር የሁላችንም ድምፅ ተቀላቅሎ ወደ አዳራሹ ስፒከር የሚሄድበት ዕቃ ነው።

ጊታሩን ብቻውን ሚክሰር ላይ ሰክቼ አይቻለሁ። እናንተ አትሞክሩት። የጊታር ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) 1 ሜጋ ኦም፣ ማለትም 1 ሺህ ኪሎ ኦም፣ የሚያህል መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ቢሆን ነው። ትሬብሉን ይውጠዋል። ጊታሩ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

እናም መልቲ ኢፌክት ገዛሁ። የአምፕ ድምፅ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው)፣ ኮረስ (አንዱን ጊታር ብዙ የሚያስመስለው)፣ ዲሌይ (ድምፁን የሚደጋግመው)፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ መጣልኝ። የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። እኔ ይህቺን አንብቤአለሁ። መመሪያውን ግን አላነበብኩም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ስሠራ ከረምኩ። አርባ ያህል ፓች (ተስተካክሎ የተቀመጠ ድምፅ) አዘጋጀሁ። ለትዝታ ረጅም ሪቨርብ (ማስተጋባት) ያለው ክሊን፣ ማለትም ዲስቶርሽን የሌለበት። ለጉራጌኛ ጠንከር ብሎ ቆረጥ ቆረጥ የሚል። ለሶሎ ወፍራም ዲስቶርሽን። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን እየሰማ ያደገ ሰው ሶሎው እንዲዘፍንለት ይፈልጋል። እኔም ዘፈነልኝ ብዬ ነበር።

ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት አንድ ጓደኛዬ ቤት ልምምድ ነበረን። እሱ አምፕ አለው። ሳጥኑን አምፑ ላይ ስንሰካው ድምፁ ታፈነ። ጓደኛዬ ሜኑውን ነካ ነካ አደረገና "አሁን ስማው" አለኝ። አማረ። ምኑን እንደነካ አልጠየቅኩም። እስካሁን ራሴን የምረግመው በዚህች ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሳውንድ ቼክ የሚባል ነገር አልነበረም። ምግብ እየተደረደረ ነበር፤ የአዳራሹ ሰዎች "ድምፅ እንዳታሰሙ" ብለውናል። ባንድ ቀጥሮ ድምፅ አታሰሙ! ሙሽሮቹ ሲገቡ በክሊን ጀመርኩ። ድምፁ ትንሽ ሾጠጥ ያለ መሰለኝ፣ አዳራሹ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ጭፈራው ሞቀ። ጉራጌኛው መሃል ሶሎዬ ሲደርስ ዲስቶርሽኑን ረገጥኩት።

ንብ። ያውም ቀፎው የተገለበጠበት ንብ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። ኪቦርዲስታችን በሳቅ ፈረሰ። የባንዱ መሪ ወደ እኔ ሳይዞር በእጁ "ዝቅ" አለኝ። ሌላ ፓች ሞከርኩ። ንብ። ሌላ። ያው ንብ። ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ቀነስኩት፤ ትንሽ ንብ ሆነ።

በእረፍት ሰዓት ወደ ሳውንድ ማኑ ሮጥኩ። በዕድሜ አባቴን ይሆናሉ።

"ጋሼ፣ ትሬብሉን ትንሽ ቢቀንሱልኝ?"

"ጨርሼው የለ እንዴ! ከእኔ አይደለም፣ ከሳጥንህ ነው።"

"ቤት እኮ እንዲህ አልነበረም።"

"እንግዲያው ቤትህ ተጫወትበት።"

የቀረውን ሁሉ በክሊን ብቻ ተጫወትኩ። ሶሎዎቼን ኪቦርዲስቱ ወሰዳቸው፣ ደስ እያለው። ሳውንድ ማኑ ላይ አሁንም ትንሽ ቅሬታ አለኝ፤ ያቺን ነገር በሰው ፊት ባይሏት ምን ነበረበት? ግን ልክ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩ የገባኝ እሁድ ጠዋት መመሪያውን ስከፍት ነው።

የጊታር አምፕ ስፒከር ሁሉንም ድምፅ አያወጣም። ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በአብዛኛው ያስቀረዋል። የዲስቶርሽን ሸካራው ነገር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ስፒከሩ ወንፊት ነው ማለት ነው። የአዳራሽ ስፒከር ግን ለዘፋኝና ለድራም ሲምባል ጭምር የተሠራ ስለሆነ እላይ ድረስ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይተፋዋል። ሳጥኑ ውስጥ ወንፊቱን የሚተካ ነገር አለ፤ ካቢኔት ሲሙሌሽን ይሉታል። ጓደኛዬ ቤት እውነተኛ አምፕ ላይ ስንሰካው ወንፊት በወንፊት ላይ ሆነና ታፈነ። እሱም የሳጥኑን ወንፊት አጠፋው። ያጠፋው ደግሞ በአንድ ፓች ላይ ብቻ አይደለም። የሳጥኑ አጠቃላይ ሜኑ ውስጥ የተሰካው ሚክሰር ላይ ነው ወይስ አምፕ ላይ የሚል ምርጫ አለ። እሱን "አምፕ" አድርጎት ነበር። አርባውም ፓች አብሮ ሄደ። እኔ መድረክ ላይ ፓች ስቀያይር በከንቱ ነው የለፋሁት። አሁን ሳጥኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር "ሚክሰር!" ብዬ ጽፌበታለሁ።

በሚቀጥለው ሥራ ንቡ ሄደ። ጊታሩም አብሮ ሄደ። ድራምና ቤዝ ሲገቡ የለሁም። ይሄ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫው ጣጣ ነው። ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ቤዝና ትሬብል አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ነው። እኔም ማታ ጎረቤት እንዳልረብሽ ቀንሼ እየሰማሁ ቤዙንና ትሬብሉን ሞልቼ ሚድሉን (የመሃሉን ድምፅ) ቀንሼዋለሁ። አልጋዬ ላይ ያምራል። አዳራሽ ውስጥ ግን ታቹን ቤዝ ጊታርና ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ይዘውታል፣ ላይኛው ጆሮ ይበሳል፣ ጊታር የሚሰማበት መሃሉ ባዶ ነው።

ስለዚህ ድምፅ የምትሠሩት በትልቅ ስፒከር፣ ጮክ ብሎ፣ ከተቻለ ባንዱ እየተጫወተ ይሁን። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት። ካቢኔቱ በርቶም ቢሆን ከ5 ወይም ከ6 ሺህ በላይ ያለውን እንደገና ቁረጡት። ሚድሉን ለብቻው ሲሰማ እስኪያስጠላችሁ ከፍ አድርጉት። ሪቨርቡን በግማሽ ቀንሱ፤ አዳራሹ የራሱ አለው። አርባ ፓች የነበረኝ ሰውዬ ዛሬ አራት ብቻ ነው ያለኝ።

መመሪያው ለተሻለ ድምፅ በስቴሪዮ ሰኩ ይላል። አትስሙት። ግራ ጥግ የተቀመጠው እንግዳ የቀኙን ዲሌይ አይሰማም። አንድ ገመድ፣ ሞኖ ከሚለው ቀዳዳ። ገመድ አጠረኝ ብላችሁ ደግሞ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በስቴሪዮ ጃክ ወደ ሚክሰር እንዳትሰኩ። ሚክሰሩ ባላንስድ መግቢያ (የሁለት ሽቦን ልዩነት ብቻ የሚያሳልፍ) ካለው ግራና ቀኙን ይቀናንስና በሁለቱም በኩል እኩል ያለው ድምፅ ይጠፋል።

ዲ አይ ቦክስ፣ በሳጥኑና በሚክሰሩ መሃል የምትገባ ትንሽ ዕቃ፣ የራሳችሁን ግዙ። ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ስላለው ርካሹ ፓሲቭም (ራሱ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው) ይበቃል። ረጅም ገመድ ላይ ጩኸት ይቀንሳል፤ የሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ ለማይክ የሚልከው ኤሌክትሪክ) በርቶ ከተገኘም ሳጥኑን ይጠብቅላችኋል። እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ ዲ አይው ላይ ያለችውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫኑ። የሶኬቱን መሬት ቆርጠው "ጩኸቱ ጠፋ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ጊታር ይዛችሁ ማይክ ላይ ከንፈራችሁን ስታስጠጉ ኤሌክትሪክ ቢይዛችሁ እነሱ አይመጡላችሁም።

አምፑ የሚናፍቀኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከኋላዬ ሆኖ ሲገፋኝ፣ አንዷን ኖታ ይዤ ስቆም መልሶ ሲያስጮኽልኝ። በሞኒተር (መድረክ ላይ ለእኛ በተቀመጠው ስፒከር) ያ የለም። ሞኒተሩ ውስጥ ደግሞ ዘፋኙ እንጂ እኔ የለሁም። ስለዚህ የሳጥኑን ሁለተኛ መውጫ ለራሴ አደረግኩት፤ ባለ 8 ኢንች አክቲቭ (ማጉያው ውስጡ ያለ) ስፒከር እግሬ ሥር አስቀምጣለሁ። አዎ፣ እንደገና ስፒከር ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ግን በአንድ እጅ።

ሳውንድ ማኑ ጋ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሻይ ጋብዙ፣ "ኢኳላይዘሩን መሃል ላይ ይተዉልኝ" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። እኒያ ጋሼ አሁን ሲያዩኝ "ንቦ መጣህ?" ይሉኛል፤ ቻናሌን ግን አይነኩም።

ደግሞ መብራት ይጠፋል። ጀነሬተሩ እስኪነሳ አምፕ ያለውም የሌለውም እኩል ዝም ይላል። መብራቱ ሲመለስ ግን የእኔ ሳጥን እንደ ኮምፒውተር እንደገና ነው የሚነሳው፣ ሁልጊዜም ከአንደኛው ፓች። አንድ ጊዜ ለቀልድ የሠራሁት የሄሊኮፕተር ድምፅ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን አንደኛው ላይ ያለው ክሊን ነው።