ማስክ፣ ሪዝና ድራይ ቶርቱጋስ፦ የስኖርክል ልምዴ

ስኖርክል ማለት ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን ባለ መስታወት ማስክ አድርጎ፣ በአፍ በተያዘ ቱቦ እየተነፈሱ፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ታች ያለውን ማየት ነው። በመጨረሻ ተሳካልኝ። ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ማስኩ ውሃ ሳያስገባ፣ መስታወቱም ጉም ሳይለብስ፣ እስኪበቃኝ ድረስ ዓሣ ሳይ ቆየሁ። ዋና በልጅነቱ ላልተማረ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንደኔ ካደጋችሁ በኋላ የጀመራችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቦታው ድራይ ቶርቱጋስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ካለችው ከኪ ዌስት ከተማ ወደ ምዕራብ 113 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባህር መሃል። የመኪና መንገድ የለም። ወይ በጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ትጓዛላችሁ፣ ወይ ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ከ1992 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ስፋቱ 99 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። የተቀረው ሰባት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ድንኳን የሚተከለው ጋርደን ኪ የምትባለው ላይ ነው፤ እዛው ላይ ፎርት ጀፈርሰን የሚባል ከ16 ሚሊዮን ጡብ የተሠራ ምሽግ አለ። በ1846 ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ሕንፃ ነው።

ስለ ዋናው ብዙ አልልም። መዋኛ ገንዳ ሄዳችሁ አስተማሪ ያዙ፣ ተለማመዱ፣ ይመጣል። እግር ላይ የሚደረገው ክንፍም ቶሎ ይለመዳል፤ ከዳሌ ነው የሚመታው፣ ጉልበት ብዙ አይታጠፍም። አሳሬን ያበላኝ ማስኩ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ውሃ ማስገባቱ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ከአፍንጫ በታች ይጠራቀማል፣ ከዛ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ሰውየው ይደነግጣል። ድንጋጤው ነው ከውሃ የሚያስወጣው እንጂ ውሃው ራሱ ምንም አላደረገም። ሁሉም ሰው ላስቲኩን ጠበቅ አድርገው ይላል። በኔ አስተያየት ይሄ ለጀማሪ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ የባሰው ነው። ላስቲኩ ሲጠብቅ ፊት ላይ የሚያርፈው የሲሊኮን ጠርዝ ይታጠፍና ክፍተት ይፈጥራል፣ ውሃው እንደውም ይብሳል። ማስኩን ፊት ላይ የሚይዘው በዋነኛነት የውሃው ግፊት ነው። ላስቲኩ ቦታውን እንዳይለቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ላላ ማለት አለበት፣ ከጆሮም ከፍ ብሎ ጭንቅላት ጀርባ ላይ መቀመጥ አለበት።

የኔ ጉዳይ ግን ላስቲኩ አልነበረም። ሪዜ ነበር። ሲሊኮኑ የሚዘጋው ከቆዳ ጋር ሲገጥም ነው፤ ፀጉር መሃል ከገባ ውሃ መንገድ ያገኛል። የፊት ፀጉር ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቀር እሱም እንደዛው ያደርጋል፣ ስለዚህ ሴቶችም ወንዶችም ፀጉራችሁን ወደ ኋላ ስባችሁ አስይዙ። ሪዜን ግን ሙሉ በሙሉ መላጨት አልቻልኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እወደዋለሁ። ያደረግኩት ምንድነው? ከአፍንጫዬ ሥር ጠርዙ የሚያርፍበትን ቀጭን መስመር ብቻ ተላጨሁ። ከሩቅ አይታወቅም። ውሃው በአንዴ ቀነሰ። ትንሽ ትንሽ ይገባል አሁንም፣ ግን አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ አስወጣዋለሁ።

ማስወጣቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ቀና ትላላችሁ፣ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባራችሁ ላይ ጫን ታደርጋላችሁ፣ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ታስወጣላችሁ። አየሩ ውሃውን ከሥር ገፍቶ ያስወጣዋል። ይሄን ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ፣ ሆን ብላችሁ ውሃ እያስገባችሁ ተለማመዱት። ውሃ ሲገባ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ ማለት ከጀመራችሁ ፍርሃቱ ግማሹ ይሄዳል።

ስትገዙ የምርት ስም አትዩ፣ ፊታችሁን እመኑ። ላስቲኩን ወደ ፊት አድርጉና ማስኩን ፊታችሁ ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ በአፍንጫ ትንሽ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ደግሞ የዓይናችሁ ቁጥር ያለው መስታወት የሚገጠምላቸው ማስኮች አሉ፣ ከሥር መነጽር ለማድረግ አትሞክሩ፣ ክንዱ ክፍተት ይፈጥራል።

ሌላው ጣጣ ጉሙ ነው። ትንፋሽና የፊት ሙቀት እርጥበት ይፈጥራሉ፣ መስታወቱን ደግሞ ባህሩ ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ እዛ ላይ ይረጋል። አዲስ ማስክ ላይ ይብሳል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ስስ የሲሊኮን ቅባት ይኖራል። ጄል ባልሆነው፣ በነጩ የጥርስ ሳሙና ውስጡን በጣት ደጋግማችሁ እሹት፣ አጥቡት። መስታወቱ በፋብሪካ የተቀባ ሽፋን ካለው ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይሄን አታድርጉ፣ ይጫጫራል። ከዛ በኋላ ሁልጊዜ ከመግባታችሁ በፊት በውሃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ቀባ አድርጋችሁ ለቅለቅ ማድረግ ነው። ምራቅም ይሠራል፣ አትጠየፉት። አፍንጫ ግን፣ የገባ ውሃ ለማስወጣት ካልሆነ በቀር፣ ሥራ መፍታት አለበት። በአፍንጫችሁ ባስወጣችሁ ቁጥር ጉሙን ራሳችሁ እያመጣችሁት ነው።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ማስክ ለጀማሪ ይሻላል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ውስጡ ሰፊ ነው፤ አየሩ በደንብ ካልተለወጠ ያስወጣችሁትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሳችሁ ትስባላችሁ። ውሃ ከገባበት ደግሞ አፋችሁን ነፃ ለማድረግ ሙሉውን ማውለቅ አለባችሁ። ተራው ማስክና ቱቦ ሲሆን ቱቦውን ከአፍ መትፋት በቂ ነው። ዋና በደንብ የማይችል ሰው ያንን ፈጣን መውጫ ለምን ያጣል?

ደሴቱ ላይ ስኖርክል የሚደረገው በአብዛኛው የምሽጉ ዙሪያ ካለው የውሃ ቦይ ግንብ ውጭ ነው። ቦዩ ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው። ግንቡን ይዞ መሄድ ለፈሪ ተስማሚ ነው፣ መንገድ አይጠፋም፣ ጥልቀቱም ብዙ አይደለም። እዛ ነው ፓሮትፊሽ ሲበላ የሰማሁት። አዎ፣ ይሰማል። ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ ዓሣ፣ ምንቃር የመሰለ ጥርሱን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፣ ከዛ ቋ፣ ቋ፣ ጎናችሁ ቁጭ ብሎ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስላል። ድንጋዩን ፈጭቶ ከጀርባው ነጭ አሸዋ ሲበትን አየሁት። ትንፋሼን መቁጠር ረስቼ ቆየሁ። ባራኩዳ የሚባል ረጅም፣ ጥርሰ ስለታም ዓሣም አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያችኋል። የሚያብለጨልጭ ነገር ስለሚስበው ቀለበትና ሰዓት ድንኳን ውስጥ ተዉ።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ከባህሩ ሥር ድንጋይ የሚመስለውን ኮራል አትንኩ፣ አትቁሙበትም። ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በ2014 ፍሎሪዳ ላይ የታየው የኮራል በሽታ በ2021 እዚህም ደርሷል፣ ትልልቆቹ ኮራሎች ሲሞቱ ማየት ልብ ይሰብራል። እኔ ጀርባዬ ላይ የፀሐይ ክሬም ከመለቅለቅ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ነው የምለብሰው። ክሬም ወደ ውሃው አይገባም፣ ዓይኔንም አያቃጥለኝም፣ ጀርባዬም አይላጥም።

ካምፒንጉን ባጭሩ። የሚጠጣ ውሃ ደሴቱ ላይ የለም። ለአንድ ሰው በቀን ወደ አራት ሊትር ያዙ፣ ለትርፍም ጨምሩ። ምሽጉን የሠሩት ሰዎች ዝናብ የሚያጠራቅሙ ከመቶ በላይ ጉድጓዶች ከሥሩ ሠርተው ነበር፤ ሕንፃው ከክብደቱ የተነሳ ሲሰምጥ ብዙዎቹ ተሰነጣጥቀው የባህር ውሃ ገባባቸው። የሚሸጥ ምግብ የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። የሕዝብ ጀልባው ጋዝም ሆነ ፈሳሽ ነዳጅ አይጭንም፣ ራሱ የሚቀጣጠል ከሰል ብቻ ነው የሚፈቀደው። ምግብ ጠንካራ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ አይጥ አለ፣ ዛጎል ተሸክመው የሚዞሩ ሸርጣኖችም ማታ ማታ ድንኳኑን ይቧጥጣሉ። ድንኳን የጫነ ሰው የሚወስደው ጀልባ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ከወራት በፊት ያዙ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን ታዲያ? በቀኑ ጀልባ ደርሶ መልስ የሚሄደው ሰው ደሴቱ ላይ የሚቆየው አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ እያለ። ድንኳን የተከለ ግን ጀልባው ከሰዓት ሲሄድ ባህሩ ለሱ ብቻ ይቀራል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አሸዋ የሚያነሳ እግር የለም። ለጀማሪ ይሄ ጸጥታ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ማንም ሳያይህ፣ ማንም ሳይቸኩልብህ፣ ገብተህ ወጥተህ ማስክህን አስተካክለህ ትመለሳለህ። ብቻችሁን ግን አትግቡ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

አሁንም ያልለቀቀኝ ነገር አለ። ታችኛው አሸዋ ከዓይኔ ሲጠፋና ውሃው ድንገት ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ልቤ ይመታል። የሚነፋ የደህንነት ጃኬት ሳላደርግ እዛ አልሄድም፤ አድርጌም ቢሆን ቶሎ ወደ ግንቡ እመለሳለሁ። ደቡብ በኩል ያሉት የድሮው የከሰል ወደብ ምሰሶዎች ጋ ትልልቆቹ ዓሦች ይጠለላሉ፣ እዛ ጠርዙ ላይ ሆኜ ብቻ ነው ያየሁት።

ቀጣይ ሐሳቤ ሎገርሄድ ኪ የምትባለው ሌላዋ ደሴት ናት። ከጋርደን ኪ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ መብራት ቤት አለው፣ አጠገቡም የአፍሪካን ካርታ ቅርጽ የያዘ ትንሿ አፍሪካ የሚሉት የኮራል ስፍራ አለ። የሕዝቡ ጀልባ እዛ አይሄድም፣ በካያክ፣ ማለትም በጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ መቅዘፍ ነው። መሃሉ ክፍት ባህር ነው፣ ማዕበሉም ሊነሳ ይችላል። ክፍት ባህር ላይ ካያክ የቀዘፋችሁ ካላችሁ፣ ክንዳችሁ እስኪችል ስንት ወር እንደተለማመዳችሁና ነፋስ ሲነሳ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ።