ሦስተኛዋ ዓምድ

ከሰቀልናቸው ቦርዶች (ስክሪን ላይ አንድ ድረ ገጽ የሚያሳዩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ሁሉ ያስቸገረው አንዱ ብቻ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ አርኬ3399 ቺፕ፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ማሊ ቲ860 ጂፒዩ (የግራፊክስ ክፍሉ)፣ እሱን የሚያሠራው ፓንፍሮስት ድራይቨር፣ መስኮቶችን አቀናብሮ ስክሪን ላይ የሚያወጣ አንድ ኮምፖዚተርና ስክሪኑን ሙሉ የያዘ አንድ ብሮውዘር። የሊኑክስ ከርነሉ ከ6.6 ወደ 6.12 ከተቀየረ ወዲህ ይኸው አንዱ ቦርድ በየአምስት ደቂቃው ብሮውዘሩ እየተገደለ ይነሳል። ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ሲሰኩት ጤነኛ ነው።

ገዳዩማ ይታወቃል፤ የራሳችን ስክሪፕት ነው። በየደቂቃው ፕሮክ ውስጥ (ከርነሉ የፕሮሰሶችን ሁኔታ በፋይል መልክ የሚያሳይበት ማውጫ) ይገባና በብሮውዘሩ ፕሮሰስ ቁጥር ሥር ያለውን ኤፍዲኢንፎ፣ ማለትም ፕሮሰሱ ስለከፈታቸው ፋይሎች የተጻፈውን መረጃ፣ እየከፈተ የዲአርኤም (የከርነሉ የግራፊክስ ክፍል) ሜሞሪ መስመሮችን ያነባል። አምስት ጊዜ በተከታታይ ከ1000 ኪቢባይት (አንዱ 1024 ባይት ነው) በታች ካገኘ «ገጹ አልተሳለም» ብሎ ብሮውዘሩን እንደገና ያስነሳል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ምንም ያልሳለ ብሮውዘር ጂፒዩ ላይ ቡፈር (ለሥዕል ሥራ የሚያዝ ሜሞሪ) አይዝም ተብሎ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ደግሞ ከርቀት በሌላ መንገድ በቀላሉ አይታወቅም። በ6.6 ፓንፍሮስት እነዚህን መስመሮች ጭራሽ አያወጣም ነበር፤ የጀመረው በ6.7 ነው። ስክሪፕቱም ከአዲሱ ከርነል ጋር አብሮ የመጣ ነው። ጥፋተኛው ሲፈለግ ግን ሁሉም የጠቆመው ከርነሉን ነው።

ስክሪፕቱ ያነበበውን በሚያሳየው ግራፍ ላይ ቁጥሩ 0 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገባ ነበር። የሚታየው ግን 96 ነው፤ ሁልጊዜ 96። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም በፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ 8100 ኪቢባይት ይወጣዋል። 96 ኪቢባይት የዚያ አንድ በመቶ ገደማ ነው። አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው ገጹን በዓይኑ እያየው ግራፉ «የለም» ይላል። ሁለት ስብሰባ የተቀመጠው «ድራይቨሩ ይዋሻል» በሚል አጀንዳ ነው፤ አጀንዳውን ያስያዙት አለቃ ኤፍዲኢንፎ የሚባል ነገር ከፍተው አያውቁም።

መሀል ላይ የአዳራሹ ባለቤቶች ገጹ ላይ ሎጎ ይጨመርልን አሉ። ተጨመረላቸው። ቦርዱ ዳነ። የገጹ ዲዛይነር ለሦስት ቀን ተመሰገነ። አራተኛው ቀን ላይ ሎጎው አላማረንም ብለው ሲያስነሱት በሽታው ተመለሰ።

ያኔ ነው ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅና የቢሮው አንጋፋ አንድ ስክሪን ፊት የተቀመጡት። አንጋፋው ቦርዱ ላይ ገብተው መስመሩን በእጃቸው አወጡት፦ «ዲአርኤም-ቶታል-ሜሞሪ፦ 96 ሜቢባይት»።

«ይቺን እንዴት ነው የምታነባት?»

«ሁለተኛዋን ዓምድ ነው የምወስደው ጋሼ።»

«ሦስተኛዋስ?»

«እሷማ ቃል ናት፤ አትደመርም።»

ጋሼ ምንም አላሉም። ጎን ያለው ቦርድ ላይ ገብተው ያንኑ መስመር አወጡ፦ 98308 ኪቢባይት።

«የትኛው ይበልጣል?»

«98308 ነዋ!»

«አዎ። በ4 ኪቢባይት ይበልጣል።»

ልጁ 96ን በ1024 ሲያባዛ 98304 መጣለት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

መስመሩን የሚጽፈው ፓንፍሮስት ራሱ አይደለም፤ በ6.5 የገባ የዲአርኤም የጋራ ፋንክሽን ነው። መጀመሪያ ሲገባ ቁጥሩ 1024 በደረሰ ቁጥር ወደ ላይኛው መለኪያ ይሸጋገርና ትርፉን ይጥለው ነበር፤ 98308 ኪቢባይት የሆነውም 96 ሜቢባይት ተብሎ ይወጣል። በ6.7 ከፓንፍሮስቱ ሥራ ጋር አብሮ ተስተካከለ፤ አሁን ወደ ላይ የሚሸጋገረው ቁጥሩ ያለ ትርፍ በ1024 ሲካፈል ብቻ ነው። የጂፒዩ ቡፈር በሜሞሪ ገጽ (ከርነሉ ሜሞሪ በሚያድልበት ቁራጭ) ልክ ስለሚያዝና እነዚህ ቦርዶች ላይ አንድ የሜሞሪ ገጽ 4 ኪቢባይት ስለሆነ ድምሩ ሁልጊዜ በሙሉ ኪቢባይት ይወጣል። ሜቢባይት የሚሆነው ደግሞ የሜሞሪ ገጾቹ ብዛት ለ256 እኩል ሲካፈል ነው። የሚቀያየር ነገር የሚያሳይ ብሮውዘር እዚያ ላይ ድንገት ቢያርፍ ወዲያው ያልፋል፤ ግራፉ ላይ የአንድ ደቂቃ ጉድጓድ ይታያል፣ ማንም ልብ አይለውም። ያ ቦርድ የሚያሳየው ግን ቀኑን ሙሉ የማይነቃነቅ ገጽ ነው። ድምሩ ልክ 96 ሜቢባይት ላይ አረፈ፣ ተገደለ፣ ተነሳ፣ ያንኑ ገጽ ሳለ፣ እዚያው 96 ላይ አረፈ። ሎጎው ጥቂት የሜሞሪ ገጾች ሲጨምርበት መለኪያው ወደ ኪቢባይት ተመለሰ፣ እሱም ዳነ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሚከፈትለት የሙከራ ገጽ ነው።

የከርነሉ ሰነድ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኪቢባይት ወይም ሜቢባይት ሊጻፍ ይችላል፣ ምንም ካልተጻፈ ባይት ነው። ገጽ ሙሉ አይሆንም፤ በአንድ ሻይ ያልቃል።

መለኪያው ተስተካከለ፤ ስክሪፕቱም ከአንድ ፋይል ይልቅ የብሮውዘሩን ፋይሎች ሁሉ እንዲደምር ተደረገ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል አለቃ አዲሱን ግራፍ አዩት። ብሮውዘሩ 288 ሜቢባይት ይዟል ይላል። የቦርዱ ፕሮሰሶች ሁሉ ሲደመሩ ደግሞ ፕሮክ ውስጥ ሜምኢንፎ (የማሽኑ ጠቅላላ የሜሞሪ ሒሳብ) «ሽሜም» ብሎ ከሚያሳየው እጅግ ይበልጣል፤ የፓንፍሮስት ቡፈሮች በአብዛኛው የሚቆጠሩት እዚያ ነው። «እንዳልኳችሁ ይዋሻል» አሉ አለቃ፣ ደስ ብሏቸው።

288 ማለት ሦስት ጊዜ 96 ነው። ሜሳ፣ ብሮውዘሩ ጂፒዩውን የሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ የጂፒዩውን ፋይል አንዴ ይከፍትና ዲስክሪፕተሩን (የተከፈተው ፋይል የሚጠራበትን ቁጥር) ያባዛዋል። ኤፍዲኢንፎ ውስጥ ሦስት ፋይል ይታያል፤ የሦስቱም ዲአርኤም-ክላየንት-አይዲ (የደንበኛው መለያ ቁጥር) ግን አንድ ነው፣ ሒሳቡም አንድ ነው። ስክሪፕቱ ያንን ቁጥር መዝግቦ ሁለተኛ ሲያገኘው መዝለል አለበት። ዲስክሪፕተሩ በውርስ ወደ ሌላ ፕሮሰስ ሊሄድ ስለሚችል ምዝገባው በየፕሮሰሱ ሳይሆን ለቦርዱ ሁሉ አንድ ይሁን። ፒሲአይ ካርድ ባለበት ማሽን ዲአርኤም-ፒዴቭ የሚለው አድራሻም አብሮ ይያዝ፤ ያለሱ የሁለት ካርድ ደንበኞች ሊምታቱ ይችላሉ።

ቶታል የተባለው ደግሞ የተጠየቀው መጠን ነው እንጂ የተያዘው አይደለም። ፓንፍሮስት ሲሞላ የሚያድግ ሂፕ (አንድ ዓይነት ቡፈር) አለው። ሲፈጠር በሙሉ መጠኑ ቶታል ውስጥ ይገባል፤ ራም የሚሰጠው ግን ጂፒዩው ሲነካው ብቻ ነው፣ በአንድ ጊዜ 2 ሜቢባይት። ራም ስንት ተያዘ ለሚል ሰው መልሱ ሬዚደንት የሚለው መስመር ነው።

ሦስተኛው ነገር ግን መድኃኒት የለውም። ብሮውዘሩ የሳለበት ቡፈር ለኮምፖዚተሩ ይተላለፋል፣ ያ አንድ ቡፈር በሁለቱም ሒሳብ ላይ በሙሉ መጠኑ ይጻፋል። ሦስት ቡፈር እየተቀባበሉ ከሆነ 24300 ኪቢባይት ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ሼርድ የሚለው መስመር የጋራ መሆኑን ይናገራል፣ ከማን ጋር እንደሆነ አይናገርም፤ የቡፈር መለያ እዚያ የለም። ከቶታል ላይ ሼርድን ብትቀንስ የግሉ ይቀራል። ከሬዚደንት ላይ አትቀንስ፤ ሼርድ በሙሉ መጠን ስለሚቆጠር ከዜሮ በታች ሊወርድብህ ይችላል። የፕሮሰሶችን ቁጥር ደምሮ የቦርዱን ራም ለማግኘት መሞከር ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም፤ ለዚያ ሜምኢንፎ አለ።

ይህ ሁሉ ለአለቃ ተብራራላቸው። «እና ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?» አሉ። ጋሼ «የቱን ነው የጠየቁት?» አሏቸው፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ቲኬቱ የተዘጋው «የጂፒዩ ድራይቨር ችግር፤ ተፈትቷል» ተብሎ ነው። ፓንፍሮስት ላይ አንድ ፊደል አልተነካም። ልጁ ሦስተኛዋን ዓምድ ማንበብ ጀምሯል፦ ሜቢባይት ካለች በ1024 ያባዛል፣ ሌላ ከሆነች እንዳለ ይወስዳል። ባዶ ስትሆንም እንዳለ ይወስዳታል፣ ኪቢባይት አድርጎ። ፓንፍሮስት ላይ ባዶ የምትሆነው ቁጥሩ 0 ሲሆን ብቻ ስለሆነ እስካሁን ማንም አላወቀበትም።